የወላይታ መሐል የት ነው? ከኮኦርዲኔት ፋይል ወደ ማዕከላዊ ነጥብ

የኮኦርዲኔት ፋይል የቦታዎች ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቦታ ይይዛል። ለዚያ ቦታ ቢያንስ ሁለት ቁጥሮች ይመዘገባሉ፤ አንዱ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን ርቀት የሚያሳይ ኬክሮስ፣ ሌላው ከግሪንዊች መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን የሚያሳይ ኬንትሮስ ነው። ማዕከላዊ ነጥብ ደግሞ እነዚህን ቦታዎች በሙሉ ወክሎ የሚቆም አንድ ጥንድ ቁጥር ነው። ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፣ ነጥቦቹን በካርታ ላይ ማስቀመጥና መሐላቸውን ማግኘት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ውጤቱ ልክ መሆኑን ማረጋገጥ ግን ከዚያ የሚበልጥ ጊዜና ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በወላይታ ዞን ይህ ሥራ የብዙ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው። የመሬት አስተዳደር ባለሙያ የማሳ ወሰን ከጂፒኤስ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል። የጤና ጽሕፈት ቤት አዲስ ጤና ኬላ ለየትኞቹ መንደሮች እንደሚቀርብ ማወቅ ይፈልጋል። የውሃ ባለሙያ ምንጮችንና የእጅ ፓምፖችን ይመዘግባል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ አፈር የወሰደባቸውን ጉድጓዶች ቁጥር በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎ ይመለሳል። የሁሉም መጨረሻ አንድ ዓይነት ፋይል ነው፤ ጥቂት ዓምዶች፣ ብዙ ረድፎች፣ በኮማ የተለያዩ ቁጥሮች።

ነገሩን በእጅ ለመጨበጥ የዞኑን ስድስት ከተሞች መውሰድ ይበቃል። ቁጥሮቹ ወደ ሁለት አስርዮሽ የተጠጋጉ ናቸው። ወላይታ ሶዶ በሰሜን ኬክሮስ 6.86 እና በምሥራቅ ኬንትሮስ 37.76 ላይ ትገኛለች። ቦዲቲ 6.97 እና 37.86፣ አረካ 7.07 እና 37.70፣ የሁምቦዋ ጠበላ 6.70 እና 37.77፣ የኪንዶ ኮይሻዋ በሌ 6.92 እና 37.53፣ የኦፋዋ ገሱባ 6.72 እና 37.56 ናቸው። ስድስቱ ኬክሮሶች ሲደመሩ 41.24 ይሆናሉ፤ ለ6 ሲካፈል 6.87 ይመጣል። ኬንትሮሶቹ ሲደመሩ 226.18 ናቸው፤ ለ6 ሲካፈል 37.70 ይመጣል። የስድስቱ ከተሞች አማካይ ማዕከል እንግዲህ 6.87 ሰሜን፣ 37.70 ምሥራቅ ነው።

ይህ ነጥብ በካርታ ላይ ሲቀመጥ ሶዶ ከተማ ላይ አያርፍም። ከሶዶ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጉኑኖ አቅጣጫ ባለው ገጠር ውስጥ ይወድቃል። እዚያ የገበያ አደባባይም ሆነ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ቢኖርም ባይኖርም ለስሌቱ ለውጥ የለውም። በሌና ገሱባ ወደ ኦሞ ሸለቆ ራቅ ብለው የተቀመጡ ስለሆኑ መሐሉን ወደ ራሳቸው ጎትተውታል። ማዕከላዊ ነጥብ የተሰላ ቦታ ነው፤ ሰዎች መሐል ብለው ከሚጠሩት ቦታ ጋር መግጠሙ ግዴታ አይደለም።

ወላይታ ለምድር ወገብ ቅርብ መሆኑ ለዚህ ስሌት ይመቻል። በዚህ ኬክሮስ አንድ ዲግሪ ወደ ሰሜን 110.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አንድ ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 110.5 ገደማ ነው፤ ሁለቱ ተስተካካይ ናቸው ማለት ይቻላል። በአውሮፓ ሰሜናዊ አገሮች አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ በዲግሪ የተሰላ ርቀት እዚያ ክፉኛ ያሳስታል። በሶዶ ግን የዲግሪን ልዩነት በ110 ተኩል ማባዛት ለግምት የሚበቃ ርቀት ይሰጣል። ከዚሁ ሌላም ነገር መረዳት ይቻላል። ሁለት አስርዮሽ ያለው ቁጥር ቦታን የሚለየው በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለከተማ ይበቃል፣ ለማሳ ግን አይበቃም። አምስተኛው አስርዮሽ አንድ ሜትር ያህል ነው። የእጅ ጂፒኤስ በመልካም ሁኔታ ከ3 እስከ 5 ሜትር ስለሚሳሳት፣ ከእርሱ የተገኘ ቁጥር ስምንት አስርዮሽ ተደርድሮለት ቢታይም ከአምስተኛው ወዲያ ያለው ትርጉም የለውም።

ፋይሉ ሲገባ

የመስክ መረጃ በብዛት የሚተላለፈው ሲኤስቪ በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የመጀመሪያው ረድፍ የዓምዶቹን ስም ይይዛል፤ ከዚያ በታች ያለው እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቦታ ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች ከሚሠራባቸው የካርታ ፕሮግራሞች አንዱ ኪውጂአይኤስ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ጌሪ ሸርማን የጀመረው ሲሆን ክፍያ የለውም። ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲቀበል ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ኤክስ የትኛው ዓምድ ነው? ዋይ የትኛው ነው? ቁጥሮቹ የተለኩት በየትኛው የኮኦርዲኔት ሥርዓት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ የሥራውን ዕጣ ይወስናል።

የመጀመሪያው ወጥመድ የቅደም ተከተል ነው። ሰው ሲናገርም ሲጽፍም ኬክሮስን ያስቀድማል። ኮምፒውተሩ ግን ኤክስ የሚለው ወደ ጎን ያለውን፣ ማለትም ኬንትሮስን ነው። ሁለቱ ከተለዋወጡ ወላይታ ሶዶ 37.76 ሰሜን፣ 6.86 ምሥራቅ ትሆናለች፤ ይህም ከአልጄሪያ ጠረፍ ሰሜን ያለ የሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ፋይሉ በሙሉ ከተገለበጠ ስህተቱ ወዲያው ይታያል፤ ዞኑ በሙሉ ባሕር ውስጥ ገብቶ ይገኛልና። ይበልጥ የሚያስጨንቀው አንድ ረድፍ ብቻ ሲገለበጥ ነው። ከስድስቱ ከተሞች የሶዶ ቁጥሮች ብቻ ቢቀያየሩ አማካዩ 12.02 ሰሜን፣ 32.55 ምሥራቅ ይሆናል። ይህ ነጥብ ከወላይታ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ድንበር አካባቢ፣ ለነጭ ዓባይ ቀርቦ ይወድቃል። አንድ የተሳሳተ ረድፍ አምስት ትክክለኛ ረድፎችን ይዟቸው ሄደ ማለት ነው።

ባዶ ረድፍም የራሱ ጉዳት አለው። አንዳንድ ፕሮግራም ቁጥር ያልተጻፈበትን ቦታ ዜሮ ብሎ ያነበዋል። ዜሮ ኬክሮስና ዜሮ ኬንትሮስ ደግሞ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለ እውነተኛ ቦታ ነው። ከስድስቱ ከተሞች ግርጌ አንድ እንዲህ ያለ ረድፍ ቢጨመር አማካዩ 5.89 ሰሜን፣ 32.31 ምሥራቅ ይሆናል፤ ከጁባ ሰሜን ምሥራቅ ያለ ደቡብ ሱዳን ማለት ነው። የመስክ ሠራተኛው ባትሪ አልቆበት ቁጥሩን ሳይመዘግብ ያለፈው አንድ ቀበሌ ይህን ያህል ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ አማካይ ከመሰላቱ በፊት የእያንዳንዱን ዓምድ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ማየት ግድ ነው። በወላይታ ኬክሮስ ከ6 እና ከ7 ዲግሪ፣ ኬንትሮስ ከ37 እና ከ38 ዲግሪ ብዙ የማይርቅ ስለሆነ፣ ከዚያ ወጣ ያለ ቁጥር ዓይን ውስጥ ይገባል።

ሌላው ስህተት ዲግሪን፣ ደቂቃንና ሰከንድን ከአስርዮሽ ጋር ማምታታት ነው። ሶዶ በደቂቃና በሰከንድ ስትጻፍ 6 ዲግሪ፣ 51 ደቂቃ፣ 36 ሰከንድ ናት። ወደ አስርዮሽ ለመለወጥ ደቂቃው ለ60፣ ሰከንዱ ለ3600 ይካፈልና በዲግሪው ላይ ይደመራል፤ 6.86 ይመጣል። ደቂቃውን በቀጥታ ከነጥብ በኋላ አስቀምጦ 6.51 ብሎ የጻፈ ሰው ግን ከተማዋን ወደ 39 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ ወስዷታል። ይህ ስህተት ተንኮለኛ ነው። ነጥቡ ከአገር አይወጣም፤ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር በማየት ብቻም አይያዝም። ይሁን እንጂ ምልክት አለው። በእንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ ከነጥብ በኋላ ያሉት ሁለት አሃዞች ከ59 በላይ ፈጽሞ አይሄዱም። መቶ ረድፍ ያለው ፋይል ውስጥ 6.72 ወይም 6.97 የሚመስል ቁጥር አንድም ካልተገኘ ቁጥሮቹ ደቂቃዎች ናቸው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

የስም ጉዳይም አለ። የቀበሌ ስም በአማርኛ የተጻፈበት ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አሠራር ካልተከፈተ ስሞቹ የማይነበቡ ምልክቶች ይሆናሉ፤ ኤክሴል በተለይ ይህን ያደርጋል። የወላይትኛ ቋንቋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ያው አንድ ቀበሌ በአንዱ ፋይል በግዕዝ ፊደል፣ በሌላው በላቲን፣ በሦስተኛው ደግሞ በሌላ የላቲን አጻጻፍ ይገኛል። ሁለት ፋይሎችን በስም ማገናኘት የሚፈልግ ሰው ግማሹ ረድፍ ሳይገናኝ ይቀርበታል። ከዚህም የባሰ፣ ሶዶ የሚባል ወረዳ በጉራጌም አለና በስም ብቻ የተፈለገ ቦታ ሌላ ዞን ሊገኝ ይችላል። አስተዳደሩም ተለውጧል። ቀድሞ በ12 የገጠር ወረዳዎች የተከፈለው ዞን በኋላ እንደ ሆቢቻ፣ ባይራ ኮይሻ፣ ካዎ ኮይሻና አባላ አባያ ያሉ ወረዳዎች ተጨምረውለታል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው። የድሮ ፋይል የቀድሞውን ክልል ስምና የቀድሞውን የወረዳ ወሰን ይዞ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ቀበሌ የማይለወጥ የመለያ ቁጥር የሰጠ መሥሪያ ቤት ከዚህ ሁሉ ይድናል።

ሁለት መቶ ሜትር

ኪውጂአይኤስ ከሚጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት የሚመለሰው ሦስተኛው፣ የኮኦርዲኔት ሥርዓቱ ነው። በኢትዮጵያ ቀያሾች ከዲግሪ ይልቅ በሜትር የሚቆጥረውን ዩቲኤምን ይመርጣሉ፤ ርቀትና ስፋት በቀጥታ ይሰላበታልና። ዩቲኤም ምድርን በስድስት ስድስት ዲግሪ ስፋት ይከፋፍላታል። ወላይታ ያለችው ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው 37ኛው ክፍል ነው። የክፍሉ መሐል መስመር 39 ዲግሪ ሲሆን 500,000 ሜትር የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል። ሶዶ ከዚያ መስመር በስተ ምዕራብ ስለሆነች የምሥራቅ ቁጥሯ ወደ 363,000፣ የሰሜን ቁጥሯ ደግሞ ወደ 758,000 ሜትር ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስድስት አሃዝ ሆኖ በሦስት መቶ ሺዎቹ፣ ሁለተኛው በሰባት መቶ ሺዎቹ ከሆነ ፋይሉ ስለ ወላይታ የዩቲኤም ፋይል ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ሆኖም ዩቲኤም ማለት ብቻውን አይበቃም። የአገሪቱ የቆዩ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የኮኦርዲኔት መለኪያ መነሻ ነው። ስሙ የመጣው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ የቅየሳ ጣቢያ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት በተደረገው ቅየሳ ወደ ኢትዮጵያ ተዘረጋ። የእጅ ጂፒኤስና ስልክ ግን የሚሠሩት ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። ያው አንድ የድንጋይ ምልክት በሁለቱ መነሻዎች ሲለካ በወላይታ የምሥራቅ ቁጥሩ ወደ 90 ሜትር፣ የሰሜን ቁጥሩ ወደ 200 ሜትር ይለያያል። ሁለቱም ቁጥሮች በዓይን ሲታዩ ፍጹም ጤነኛ ናቸው፤ ሁለቱም ወላይታ ውስጥ ይወድቃሉ።

ሁለት መቶ ሜትር በበረሃ ካርታ ምናልባት ይታለፍ ይሆናል። በወላይታ ግን አይታለፍም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ዞኑ 1,501,112 ሕዝብ ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው። በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ያሉት ወረዳዎች ከዚህም ይበልጥ የተጨናነቁ ናቸው። ግማሽ ሄክታር ማሳ አራት ማዕዘን ቢሆን ጎኑ 70 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በአዲንዳን የተለካ ወሰን ደብሊውጂኤስ 84 ነው ተብሎ ቢገባ የአንዱ ገበሬ እንሰት ሦስት ቤት ተሻግሮ በማያውቀው ሰው ጓሮ ላይ ይሳላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኪውጂአይኤስ ለአዲንዳን ዩቲኤም 37 ሰሜን 20137 የሚል፣ ለደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም 37 ሰሜን 32637 የሚል ኮድ አለው። ትክክለኛው ኮድ ከተመረጠ መቀየሩን ፕሮግራሙ ራሱ ይሠራዋል። የትኛው ትክክለኛ እንደሆነ ግን ከፋይሉ ቁጥሮች አይታወቅም፤ የለካው ሰው መጻፍ አለበት። ካልጻፈ በሳተላይት ምስል ላይ በግልጽ የሚታይ አንድ ነገር፣ የድልድይ ጫፍ ወይም የመንገድ መገናኛ፣ በፋይሉ ውስጥ ፈልጎ ማስተያየት ይቀራል።

የአንድ ማሳ መሐል

እስካሁን የታየው የተበታተኑ ነጥቦች መሐል ነው። ማሳ ግን የተዘጋ ቅርጽ ነው፤ መሐሉም በሌላ መንገድ ይሰላል። ሁለቱን ማምታታት በብዙ ሥራ ላይ የሚገኝ ስህተት ነው።

ቀያሹ የማሳውን ወሰን ሲዞር አብረውት የቀበሌው መሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባላትና አዋሳኝ ገበሬዎች አሉ። ከእንሰቱ ጥግ ይጀምራል፤ ቆሞ ጂፒኤሱ እስኪረጋጋ ይጠብቃል፤ ነጥቡን ይመዘግባል። ቀጥተኛ ጎን ላይ ሁለቱን ጫፎች መያዝ ይበቃዋል። ወንዝ ዳር ሲደርስ ግን ወሰኑ ስለሚጠማዘዝ በየጥቂቱ እየቆመ ብዙ ነጥብ ይይዛል። ፋይሉ ሲታይ እንግዲህ ነጥቦቹ በወንዙ በኩል ተጨናንቀዋል።

ምሥራቅ ምዕራብ 80 ሜትር፣ ሰሜን ደቡብ 40 ሜትር የሆነ ማሳ ይታሰብ። ስፋቱ 3,200 ካሬ ሜትር ነው። መሐሉ ከምዕራቡ ወሰን 40 ሜትር ላይ እንደሚሆን ማንም ያውቃል። አራቱ ማዕዘኖች ብቻ ከተመዘገቡ አማካያቸው ይህንኑ ይሰጣል። በምሥራቅ በኩል ባለው የወንዝ ወሰን ላይ ሦስት ተጨማሪ ነጥቦች ከተያዙ ግን ሰባት ነጥብ ይሆናል፤ አምስቱ በ80 ሜትር፣ ሁለቱ በዜሮ ላይ ናቸው። አማካያቸው 57 ሜትር ይመጣል። መሬቱ አልተለወጠም፤ መሐሉ ግን ቀያሹ ብዙ ስለቆመበት ወገን ብቻ 17 ሜትር ሸሽቷል።

ትክክለኛው ዘዴ ስፋትን የሚመለከተው ነው። ቅርጹ ከካርቶን ተቆርጦ በእርሳስ ጫፍ ላይ ቢቀመጥ ሳያዘነብል የሚቆምበት ነጥብ፣ ሴንትሮይድ የሚባለው፣ የማሳው እውነተኛ መሐል ነው። ስሌቱ በቅደም ተከተል ይሄዳል። ከአንዱ ማዕዘን ወደ ቀጣዩ ሲኬድ የመጀመሪያው ምሥራቅ በሁለተኛው ሰሜን ይባዛል፤ ከዚያ ላይ የሁለተኛው ምሥራቅ በመጀመሪያው ሰሜን ተባዝቶ ይቀነሳል። ይህ ለእያንዳንዱ ጎን ተሠርቶ ሲደመርና ለሁለት ሲካፈል የማሳውን ስፋት ይሰጣል። እያንዳንዱ የጎን ውጤት በሁለቱ ጫፎች የምሥራቅ ድምር ተባዝቶ ሲደመርና ለስፋቱ ስድስት እጥፍ ሲካፈል የመሐሉ ምሥራቅ ይገኛል፤ ሰሜኑም እንዲሁ። በቀጥታ መስመር ላይ የተጨመረ ነጥብ በዚህ ስሌት ምንም አይለውጥም። ነጥቦቹ ግን ማሳውን በተዞረበት ቅደም ተከተል መሰለፍ አለባቸው። ፋይሉን በኤክሴል በቁጥር ወይም በስም አሰልፎ ያስቀመጠ ሰው መስመሮቹ እርስ በርስ የሚቋረጡ ቅርጽ ያገኛል፤ ስፋቱም መሐሉም ከንቱ ይሆናሉ። በኪውጂአይኤስ «ሴንትሮይድስ» የተባለው መሣሪያ ይህን ስሌት የሚሠራ ሲሆን «ሚን ኮኦርዲኔትስ» የተባለው ደግሞ የነጥቦችን አማካይ ያወጣል። ስማቸው ይቀራረባል፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው።

በሁለተኛው ደረጃ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ እያንዳንዱ ማሳ ካርታና የመለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ በካርታው ላይ የሚጻፈው በማሳው መሐል ስለሆነ የመሐሉ ጉዳይ ለገበሬውም ይደርሰዋል። እንደ ጨረቃ ቅርጽ የታጠፈ ወይም ገደል ዞሮ የሄደ ማሳ ሴንትሮይዱ ከወሰኑ ውጭ፣ በጎረቤት መሬት ላይ ሊወድቅ ይችላል። የዳሞታን ተዳፋት ተከትሎ የተጠመዘዘ ቀበሌም እንዲሁ። ያኔ ቁጥሩ የጎረቤት ማሳ ላይ ተጽፎ ይታያልና «ፖይንት ኦን ሰርፌስ» የተባለውን መሣሪያ መጠቀም ይሻላል፤ ይህኛው ነጥቡን ከቅርጹ ውስጥ አያስወጣውም።

ወሰንን በቁጥር መለየት በወላይታ ከማሳ አልፎ ለደንም ውሏል። በሁምቦ ወረዳ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት ከጉቶና ከሥር በሚያቆጠቁጡ የአገር በቀል ዛፎች መልሶ እንዲለማ ተደርጓል። በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ያካሄዱት ይህ ፕሮጀክት በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም የካርቦን ግዢ ውል ገባ። ለካርቦን የሚከፈለው ለተለየ መሬት ነውና አሠራሩ የደኑ ወሰን በቁጥር ተለይቶ እንዲታወቅ ያስገድዳል። ወሰኑ በካርታ ካልታወቀ ሄክታሩም፣ በሄክታር የተከማቸው ካርቦንም፣ ለማኅበራቱ የሚደርሰው ገንዘብም አይታወቅም። እንዲህ ባለ ደን ዛፍ የሚለካው በናሙና ቦታዎች ላይ ሲሆን፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቦታ መልሶ ማግኘት የሚቻለው የቦታው ማዕከላዊ ነጥብ ተመዝግቦ ከተቀመጠ ነው። ጂፒኤሱ ጥቂት ሜትር ስለሚሳሳት መሬት ላይ የተተከለ ምልክትም ያስፈልጋል። ቁጥሩ የሚለካውን ሰው ወደ ቦታው ያቀርበዋል፤ ምልክቱ ደግሞ ነጥቡን በትክክል ያሳየዋል።

የመሬት መሐል፣ የሰው መሐል

የዞኑ ወሰን ፋይል ገብቶ ሴንትሮይዱ ቢሰላ የሚገኘው የመሬቱ መሐል ነው። ይህ ስሌት ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር እኩል ድምፅ ይሰጣል። ወደ ኦሞ የሚወርደው የኪንዶ ቆላ፣ ወደ ብላቴ የሚዘረጋው የምሥራቁ ቆላ፣ የአባያ ሐይቅ ዳርቻ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ የያዘው ሸለቆ፣ ሁሉም በዳሞታ ዙሪያ ጠጋ ጠጋ ካሉት ጓሮዎች ጋር እኩል ይቆጠራሉ። ለአየር ንብረት ጥናት ወይም ለካርታ ጽሑፍ ይህ ትክክል ነው። አገልግሎት ለማዳረስ ግን የሚፈለገው የሰው መሐል ነው።

የሰው መሐል የሚገኘው እያንዳንዱን ቦታ በሕዝቡ ብዛት በማባዛት ነው። የቦታው ኬክሮስ በሕዝቡ ይባዛል፤ የሁሉም ድምር ለጠቅላላው ሕዝብ ይካፈላል፤ ኬንትሮሱም እንዲሁ። ለምሳሌ ያህል ብቻ ሶዶ ከሌሎቹ አምስት ከተሞች የእያንዳንዳቸውን ሦስት እጥፍ ትመዝን ቢባል፣ መሐሉ ከ37.70 ወደ 37.71 ይጠጋል፤ ከከተማዋ ያለው ርቀትም ከ7 ወደ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል። የአሜሪካ የቆጠራ ቢሮ በየአሥር ዓመቱ የአገሩን የሕዝብ መሐል በዚህ መንገድ ያሰላል፤ በ2020 ቆጠራ ሚዙሪ ግዛት፣ ሃርትቪል በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ አርፏል። ለወላይታ ተመሳሳይ ስሌት በቀበሌ ደረጃ መሥራት ይቻላል። ችግሩ የመጨረሻው ብሔራዊ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ሶዶ የክልል መቀመጫ ሆናለች፣ ሰፍታለች፣ ወረዳዎችም ተከፋፍለዋል። በዚያ ቆጠራ የሚሰላ መሐል የዚያን ዘመን መሐል ነው።

አማካይ ብቻውን የሰውን ድካም አይለካም። ሰዎች ወደ አንድ ቦታ የሚጓዙት ጠቅላላ ርቀት እንዲያንስ ከተፈለገ የሚሰላው ሌላ ነጥብ ነው፤ በኮምፒውተር እየተጠጋጋ የሚገኘው ጂኦሜትሪያዊ ሚዲያን። ቀለል ያለው ዘመዱ ኬክሮሶቹን በቅደም ተከተል አሰልፎ መካከለኛውን መውሰድ፣ ኬንትሮሶቹንም እንዲሁ ማድረግ ነው። ለስድስቱ ከተሞች 6.89 እና 37.73 ይሰጣል። የዚህ ዘዴ ትልቅ ጥቅም በተሳሳተ ረድፍ በቀላሉ አለመወሰዱ ነው። ከላይ አማካዩን ሱዳን ድንበር ያደረሰው የሶዶ መገልበጥ ሚዲያኑን የሚያንቀሳቅሰው ከ13 ኪሎ ሜትር ባነሰ ብቻ ነው፤ ነጥቡ ከወላይታ አይወጣም። ጥንቁቅ ባለሙያ ስለዚህ ሁለቱንም ያሰላል። አማካዩና ሚዲያኑ በጣም ከተራራቁ አንድም ፋይሉ ውስጥ ስህተት አለ፣ አንድም ከሌሎቹ ርቆ የተቀመጠ ቦታ አለና ፋይሉን መልሶ መመርመር ያስፈልጋል።

ሁለቱም ቢሆኑ በቀጥታ መስመር የሚለኩ ናቸው። ከቦዲቲ አረካ በቀጥታ መስመር 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪና ግን በዚያ መስመር አይሄድም። ነፍሰ ጡር ሴት በወሳንሳ ተይዛ ከኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ስትመጣ የሚቆጠረው የገደሉ ጠመዝማዛና የወንዙ መሻገሪያ ነው። ጤና ኬላ ወይም የአምቡላንስ ጣቢያ የሚተከልበትን ቦታ በሴንትሮይድ ብቻ መወሰን ስህተት ነው። ሴንትሮይዱ ፍለጋው ከየት አካባቢ እንደሚጀመር ይጠቁማል፤ ቦታውን የሚወስኑት መንገዱ፣ ተዳፋቱና ክረምት ከበጋ የሚያሻግር ድልድይ መኖሩ ነው።

በዞኑ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲውና ድርጅቶች በየጊዜው የኮኦርዲኔት ፋይል ይቀባበላሉ፤ አብዛኛው ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር አንድ አጭር ጽሑፍ ይያያዝ፤ አዲንዳን ነው ወይስ ደብሊውጂኤስ 84፣ ዲግሪ ነው ወይስ ሜትር፣ በምን መሣሪያ ተለካ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው የወረዳ ወሰን ጊዜ። የሚጽፈው የለካው ሰው ይሁን፣ የሚጻፈውም ከመስክ በተመለሰበት ዕለት።